እርሾ ይገዛል እንዴ?

«እርሾ ይገዛል እንዴ?» አለችኝ እማዬ በስልክ።

ሜልበርን ውስጥ፣ የቤት ጠመቃ ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ቆሜያለሁ። ፊት ለፊቴ ባለ መስታወት ማቀዝቀዣ አለ። ከላይ እስከ ታች እርሾ ነው፣ በትንንሽ ፓኬት። የቢራ እርሾ፣ የወይን እርሾ፣ የሻምፓኝ፣ የሲደር፣ የውስኪ፣ የሩም፣ የቮድካ። 40 ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። ስልኩን አዞርኩና በቪዲዮ አሳየኋት።

«ይሄ ሁሉ እርሾ ነው እማዬ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እና የማንን ልትወስድ ነው?» አለች።

የትኛውን አላለችም። የማንን ነው ያለችው። በእሷ ቤት እርሾ ባለቤት አለው። የእነ እገሌ እርሾ ጎምዛዛ ነው፣ የእነ እገሌ ቶሎ ያነሳል፣ የእነ እገሌን ብትወስጂ እንጀራሽ ዓይኑ ያምራል ይባላል። የማቀዝቀዣው እርሾ ግን ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ምን ብዬ ልመልስላት? «የፈረንሳዮቹን» አልኳት። ሳቀች።

እማዬ ያደገችው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፣ አረቄ ከሚወጣበት አገር። በነገራችን ላይ፣ አማርኛችን አረቄ «ተሠራ» አይልም፤ «ወጣ» ነው የሚለው። ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል። ድሮ የቃላት ልማድ ይመስለኝ ነበር። ስለ እርሾ ማንበብ ስጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። አልኮሉን የሚሠራው እርሾው ነው፣ ጋን ውስጥ፣ ከእሳቱ በፊት። እሳቱና ሸምበቆው አልኮል አይሠሩም፤ የተሠራውን ለይተው ያወጡታል እንጂ። ጋኑ ውስጥ ያልነበረ አልኮል በሸምበቆው ሊመጣ አይችልም።

አያቴ አረቄ ታወጣ ነበር። ጌሾው ደርቆ ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ሁለቱ በውሃ ተበጥብጠው ጋን ውስጥ ይገባሉ። ጥንስስ ይባላል። አራት አምስት ቀን ቆይቶ ሲነሳ፣ ቂጣ ተጋግሮና ተቆራርሶ ይጨመርበታል። አሁን ድፍድፍ ሆነ። እሱም የራሱን ቀን ይቆያል። ከዚያ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። ያንኑ መልሶ የጣደ ሰው ደግሞ ዳግም አረቄ ያገኛል።

በዚህ ሁሉ መሀል «እርሾ ጨምሪ» የሚል አንድም ቦታ የለም። ጋኑ በግራዋ ይታሻል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ጌሾው ይገባል፣ አለቀ። እርሾው ከጌሾው ቅጠልም፣ ከብቅሉም፣ ከጋኑ ግድግዳም ይመጣል። ጠላና ጠጅ በላቦራቶሪ የመረመሩ ሰዎች ካገኟቸው እርሾዎች መካከል ዋናው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የሚባለው ነው። ዳቦ ቤት ያለው፣ ቢራ ፋብሪካ ያለው፣ እኔ ፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ የተደረደረው፣ አብዛኛው የዚሁ ዝርያ ነው። ልዩነቱ የዘር ሐረግ ነው። ውሻ ሁሉ ውሻ ሆኖ አንዱ በግ ሲጠብቅ ሌላው ሶፋ ላይ እንደሚተኛው።

የእኔ የእርሾ ጣጣ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ኮሮና ሲገባ ከሱቅ መጀመሪያ የጠፋው የመጸዳጃ ወረቀት ነበር። ቀጥሎ ዱቄት፣ ቀጥሎ እርሾ። ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ዳቦ ጋጋሪ ሆነ። የእርሾው መደርደሪያ ለሳምንታት ባዶውን ቆየ።

ከአጥር ወዲያ አንድ ጡረታ የወጡ አውስትራሊያዊ ጎረቤት አሉኝ። ብዙ አያወሩም። የዚያን ሰሞን በአጥሩ በኩል ሰላም ስንባባል እርሾ መጥፋቱን ነገርኳቸው። ገብተው አንድ ጠርሙስ ቢራ ይዘው መጡና በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። «ጠጣውና ታችኛውን አትድፋ» አሉኝ።

ቢራው ኩፐርስ ነው። አደላይድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1862 የተመሠረተ፣ የቤተሰብ ፋብሪካ። ኤል የሚባሉት ቢራዎቹ ጠርሙስ ውስጥ ሆነው እንደገና ይፈላሉ፤ ስለዚህ ታች ላይ ደለል አለ። ሰዉ ሲጠጣ ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ ያንከባልለዋል፣ ደለሉ እንዲቀላቀል። ያ ደለል እርሾ ነው። በሕይወት ያለ እርሾ።

ጎረቤቴ እንዳሳዩኝ አደረግሁ። ቢራውን በዝግታ ቀዳሁ፤ ታች ሁለት ጣት ያህል ቀረ። ብቅል አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ ጨመርኩበት። አፉን በፎይል ሸፈንኩና ኩሽና መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ምንም። ሁለተኛው ቀን ምንም። በሦስተኛው ጠዋት ቡና ላፈላ ስገባ ጠርሙሱ አፍ ላይ ቀለበት የምታክል ነጭ አረፋ ተቀምጣለች። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጭስስ ይላል፣ ዝናብ ከሩቅ ሲመጣ እንደሚሰማው ዓይነት። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ኖሬ ያን ድምፅ አልሰማሁትም ነበር። የአያቴ ጓዳ ድምፅ ነው።

የዚያን ሳምንት ዳቦዬ ትንሽ ቢራ ቢራ አለ። በላነው።

ከዚያ በኋላ ነው አረቄ ያማረኝ። ጠላና ጠጅ እዚህ የሚጠምቅ ሐበሻ ሞልቷል። አረቄስ? ኢንተርኔት ስፈልግ 5 ሊትር የምትይዝ የሚያብረቀርቅ ማውጫ አገኘሁ። ዋጋዋም ደህና ነው። አዘዝኩ። ከመጣች በኋላ ነው ሕጉን ያነበብኩት። አደራ፣ እናንተ ቀድማችሁ አንብቡ።

ሕጉ እንዲህ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ለራስህ የሚሆን ቢራና ወይን ቤትህ ብትጠምቅ ማንም ምንም አይልህም። አልኮል ማውጣት ግን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፣ ለራስህ ጉሮሮም ቢሆን። ፈቃዱን የሚሰጠው የታክስ መሥሪያ ቤቱ ነው። እስከ 5 ሊትር የምትይዝ ማውጫ ያለ ፈቃድ መያዝ ይቻላል፤ ሰው ውሃ ያጣራባታል፣ የአበባና የቅጠል ዘይት ያወጣባታል። አልኮል ግን በትንሿም አይቻልም። ባሕሩን ተሻግረህ ኒውዚላንድ ብትገባ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለራስ ማውጣት ተፈቅዷል። እዚህ ያልተፈቀደበትን ምክንያት ለማወቅ ሒሳብ መሥራት ነው። በአንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል ላይ መንግሥት ከ100 ዶላር በላይ ኤክሳይስ ይወስዳል። 40 ፐርሰንት የሆነ የ700 ሚሊ ጠርሙስ ውስጥ 280 ሚሊ ንጹሕ አልኮል አለ። ከ28 ዶላር በላይ ቀረጥ፣ ከአንዲት ጠርሙስ። ማን ይለቃል?

ፈቃድ ማውጣት ራሱ ድሮ ተአምር ነበር። እ.ኤ.አ. የ1901ዱ ሕግ ከ2,700 ሊትር ላነሰ ማውጫ ፈቃድ አይሰጥም ነበር። ቢል ላርክ የሚባል የታዝማኒያ ሰው ነው ባለሥልጣን ሲያስጨንቅ ከርሞ ያስለወጠው። እ.ኤ.አ. በ1992 ፈቃድ ሲያገኝ በዚያች ደሴት ከ150 ዓመት በላይ ሕጋዊ አረቄ አውጪ አልነበረም። በ2014 ደግሞ ሱሊቫንስ ኮቭ የተባለው የታዝማኒያ ውስኪ የዓለም ምርጥ ነጠላ ብቅል (ሲንግል ሞልት) ውስኪ ተባለ። የአያቴ ጋን 2,700 ሊትር አይሞላም። ብቻ ሕግ ሕግ ነው። እኔ ደግሞ ለመኖሪያ ፈቃድ ስንት ዓመት ወረቀት ያመላለስኩ ሰው ነኝ። ለአንድ መለኪያ አረቄ ብዬ ታክስ ቢሮ አልከሰስም። ማውጫዋን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት።

እርሾው ግን አልለቀቀኝም። ቤት ውስጥ ስለማውጣት የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ መዳብና ስለ ቧንቧ ነው የሚያወራው። ስለ እርሾ ሲጠየቅ፣ «ማንኛውም ይሠራል» ብሎ ያልፋል። እውነት ነው፣ ማንኛውም ስኳርን ወደ አልኮል ይለውጣል። ግን አልኮል ብቻ አይሠራም። የሙዝ የሚሸት፣ የፒር ፍሬ የሚሸት፣ የቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ነገር አብሮ ይሠራል። ሙቀት ሲበዛበት፣ ሲራብ፣ ሲጨናነቅ፣ ራስ የሚያዞረውን ከባድ አልኮል ያበዛል። ይህ ሁሉ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ቮድካ የሚፈልግ ሰው ሽታ የሌለው እርሾ ይሻለዋል። ሩም የሚፈልግ ሽታ የሞላበትን።

(አንድ ነገር ግን እርሾ ላይ በሐሰት ይላከካል። ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖል። እርሾ ከስኳር ሜታኖል አይሠራም። ዋና ምንጩ ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው፤ ያም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። በጅምላ ሰው የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴ የፋብሪካ አልኮል ሲቀላቅልበት ነው።)

እናም ለመሞከር ወሰንኩ። አረቄ ባይወጣም ብርዝ መጣል አልተከለከለም። አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ። ስድስት ብልቃጥ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሊትር። ማሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ቦታው አንድ፤ እርሾው ብቻ ስድስት ዓይነት። ቦታው ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ነው። ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት አፍንጫዋን ይዛ ልብስ ስታጥብ ከረመች።

መጀመሪያ ግን እርሾውን ማግኘት ነበረብኝ። የዳቦውን ከሱፐርማርኬት፣ የኩፐርሱን ከጠርሙስ። የወይኑን ከዚያ ማቀዝቀዣ ገዛሁ፣ ላልቪን ኢሲ 1118 የሚሉትን፣ አምስት ግራም ፓኬት። ቱርቦ የሚባለውንም ከዚያው። ክቫይክ የሚባለውን የኖርዌይ እርሾ በኢንተርኔት አዘዝኩ። እዚህ ላይ ነው የተበላሁት። ጃንዋሪ ነው፤ የዚያን ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር። አድራሹ ፓኬቱን በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ጥሎ ሄዷል። ማታ ከሥራ ስገባ ፓኬቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ብርጭቆ ውስጥ ለብ ያለ ውሃና ቁንጥር ስኳር ላይ በተንኩት። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት። አቧራ ሆኖ ታች ተኛ። ሞቷል። ከዚያ ወዲህ በበጋ እርሾ በፖስታ አላዝም። ከሱቅ ስገዛም ከማቀዝቀዣ የወጣ መሆኑን አያለሁ፤ መደርደሪያ ላይ የተሰጣውን ርካሽ ቢሆንም አልነካም። ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን በግማሽ ዋጋ ሲሰጡኝም ያቺው የብርጭቆ ፈተና አለች። አረፋ ካላወጣ አይገባም።

ስድስተኛው ብልቃጥ እርሾ የለውም። ጌሾ ብቻ።

የጌሾውም ነገር ታሪክ አለው። እማዬ ከሚመጣ ሰው ጋር ልካልኝ ነበር፣ ራሷ ያደረቀችውን። ሰውየው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ እንደ ጨዋ ሰው ወረቀቱ ላይ «ቅጠል ይዣለሁ» ብሎ ሞላ። ደግ አደረገ፤ ሳይናገር ቢያዝ ቅጣቱ ቀላል አይደለም። ቅጠሉ ግን እዚያው ቀረ። ይቺ አገር ዘርና ቅጠል ስታይ ቦምብ ያየች ነው የምትመስለው። ደሴት ስለሆነች ይገባኛል። ለእማዬ ማስረዳቱ ግን ከበደኝ። «ጌሾ ምን አደረጋቸው?» ነው መልሷ። ኋላ ፉትስክሬ በሚባለው የሜልበርን ሰፈር ከሚገኙ የሐበሻ ሱቆች ከአንዱ፣ በፕላስቲክ የታሸገ ገዛሁ። የማን እንደሆነ አይታወቅም።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ቱርቦው ተነሳ። መነሳት ብቻም አይደለም፣ ገነፈለ። ቱርቦ ማለት እርሾ ከነስንቁ ነው። ምግቡ፣ ቫይታሚኑ፣ ሁሉም አንድ ከረጢት ውስጥ ተቀላቅሎ ነው የሚሸጠው። ከስኳሩ ጋር 25 ሊትር በሚሞላ ውሃ ላይ እስከ 8 ኪሎ ስኳር ጨምሩበት ይላሉ፤ በቀናት ውስጥ 18 ፐርሰንት ያደርስልሃል። በነጭ ስኳር ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ ነው፣ እኔ ማር ላይ ነው የሞከርኩት። የቱርቦ ነገር የከተማችን ሚኒባስ ሹፌር ነው። ያደርስሃል፣ በፍጥነት ያደርስሃል። አደራረሱን ግን አትጠይቅ።

የዳቦው እርሾ ሁለተኛ ወጣ። ስለሱ የሚባለው ብዙ ነው። ፈላስፋዎቹ ይንቁታል፤ በነጭ ስኳር የሚሠሩት ደግሞ ይምሉበታል፤ ርካሽ ነው፣ የትም አለ፣ ቶሎ ይነሳል። እኔ ጋ ደህና ሄዶ ሄዶ ማሩን ሳይጨርስ ቆመ። ደግሞ አይረጋም። ሌላው ጠርቶ እሱ እንደ ደፈረሰ ቀረ።

ኢሲ 1118 ድምፅ አልነበረውም። አረፋ የለ፣ ጫጫታ የለ። ሻምፓኝ ላይ የሚሠሩበት እርሾ ነው፤ እስከ 18 ፐርሰንት አልኮል ይችላል ይላሉ። ስኳሩን አንድ ሳያስቀር በላው። ስቀምሰው ማሩ የት ገባ አልኩ። አጥንቱን ነው የተወልኝ።

ክቫይኩ፣ ሁለተኛው ፓኬት ማለቴ ነው፣ ከሱቅ ማቀዝቀዣ የገዛሁት፣ ብዙ ተስፋ ያደረግሁበት ነበር። የምዕራብ ኖርዌይ ገበሬዎች እርሾ ነው። በእንጨት ቀለበት ወይም በጨርቅ ላይ አድርቀው ጓዳ ይሰቅሉታል፤ በሚቀጥለው ጠመቃ ያንኑ ይነክሩታል። የአንዱ ከሞተበት ከጎረቤት ይወስዳል። ይህን ለእማዬ ስነግራት «ሰው ናቸው ማለት ነው» አለች። ደግሞ 35፣ 40 ዲግሪ ሙቀት አይከብደውም፤ ሌላው እርሾ በዚያ ሙቀት ክፉ ክፉ ይሸታል። ለሜልበርን በጋ የተፈጠረ ነው ብዬ ነበር። ሁለት ቀን ደህና ከፈላ በኋላ ቀጥ አለ።

ያን ቀን የሜልበርን አመል የሆነው ነገር ሆነ። ጠዋት 39 ዲግሪ የነበረው፣ ማታ ከደቡብ ነፋስ ሲነሳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ገባ። በብርዱ ነው ብዬ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። አልተነሳም። ጎረቤቴን በአጥሩ ጠየቅኋቸው። «ርቦት ነው፤ ቬጂማይት ስጠው» አሉኝ።

የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ቬጂማይት አውስትራሊያውያን ዳቦ ላይ የሚቀቡት ጥቁር፣ ጨው ጨው የሚል ነገር ነው። እዚሁ ሜልበርን እ.ኤ.አ. በ1923 ገበያ ላይ ወጣ፤ የቀመረው ሲሪል ካሊስተር የሚባል ኬሚስት ነው። ከምን መሰላችሁ? ቢራ ፋብሪካ ከጠመቀ በኋላ ከሚተርፈው እርሾ። ማር ስኳር ብቻ ነው፤ እርሾ የሚያድግበት ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል። ክቫይክ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ሆዳም ነው። የሞተውን እርሾ በሻይ ማንኪያ ጫፍ በጥብጬ ለሕያው እርሾ ሰጠሁት። በማግስቱ ጠዋት ጭስስስ ይላል። ዘመዱን በልቶ ተነሳ።

ጌሾው? አንደኛ ቀን ዝም። ሁለተኛ ቀን ዝም። ሦስተኛ ቀን ላይ ልደፋው ነበር። በአራተኛው የጌሾው ስባሪ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በመካከሉ አንድ አንድ አረፋ ፍንጥር ይላል። እየቆየ ክዳኑን ማንሳት ጀመረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አክስቴን ጠራኋት። አክስቴ እዚሁ ናት፣ ሰፈሯ ከእኔ አንድ ባቡር ጣቢያ ነው። ለሠርግና ለክርስትና ጠጅ የምትጥል ሴት ናት። የትኛው የምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠችና ስድስቱን ብርሌ እያነሳች ማሽተት ጀመረች። አልጠጣችም፣ አሸተተች ብቻ።

የዳቦውን፦ «ይሄ ዳቦ ነው። ከሻይ ጋር ነው የሚሄደው።»

ቱርቦውን አስጠግታ ወዲያው አራቀችው። «ይሄ ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል።»

የወይኑን እርሾ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና፣ «ንጹሕ ነው። ግን ሰው የለበትም» አለች። እስካሁን ስለዚያ እርሾ ከዚህ የተሻለ ነገር አላነበብኩም።

የኩፐርሱን ሙዝ ነው አለች፤ እውነትም በሙቀት ሲፈላ የሙዝ ሽታ ያመጣል። ጣፋጭነቱ ግን በዛባት። ክቫይኩን ብርቱካን ልጣጭ የጨመርኩበት መስሏት ተቆጣች። «ጨውስ ለምን አደረግህበት?» አለች። ስለ ቬጂማይቱ አልተናገርኩም።

ስድስተኛውን አሸተተች። ደግማ አሸተተች። «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ።

የጌሾው ጠጅ ከሌሎቹ የጠነከረ አልነበረም። ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፤ ጌሾው ላይ ከእርሾው ጋር የላክቲክ ባክቴሪያም አብሮ ስለሚመጣ ነው። ቀለሙም ደፍረስ ያለ ነው። ግን ብርሌው ባዶ የሆነው የእሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ እርሾ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ይህ ሳይንስ ራሱ ከአረቄ ነገር የተነሳ መሆኑን ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1856 ሊል በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ከቀይ ሥር ዘመድ፣ ከስኳር ቢት፣ አልኮል የሚያወጣ አንድ ባለ ፋብሪካ ድፍድፉ እየኮመጠጠ አስቸገረው። ለሉዊ ፓስተር «እስቲ እየው» አለው። ፓስተር በማይክሮስኮፕ ሲያይ ደህናው ጋን ውስጥ ክብ ክብ እርሾ፣ በተበላሸው ውስጥ ዘንግ ዘንግ የሚመስሉ ሌሎች ፍጥረታት። መፍላት ማለት የሕያዋን ሥራ መሆኑን ያስረዳበት መንገድ ከዚያ ጀመረ። በ1883 ደግሞ ኮፐንሃገን፣ ካርልስበርግ ላቦራቶሪ ውስጥ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን አንዲትን የእርሾ ሴል ለብቻዋ ለይቶ አራባ። ያ ማቀዝቀዣ ሙሉ ፓኬት የተወለደው ያኔ ነው። ካርልስበርግ ንጹሑን እርሾ ለራሱ አልደበቀም፣ ለሌሎች ጠማቂዎች በነጻ ሰጠ። እማዬ ብትሰማ ያው «ሰው ናቸው» ነው የምትለው።

አንዱ እርሾ ደግሞ የእኛው ሰፈር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ፖል ሊንድነር የሚባል ጀርመናዊ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ የማሽላ ዘር ቢራ ውስጥ ለየት ያለ እርሾ አገኘ። እንደ ሌሎቹ ጎኑ ላይ አያጎነቁልም፤ መሀሉ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። ስሙን ፖምቤ አለው፣ ሺዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ። ፖምቤ በስዋሂሊ ቢራ ነው። ይኸው እርሾ የጃማይካ ከባድ ሩም ውስጥ ተገኘ። እንግሊዛዊው ፖል ነርስ ደግሞ ሴል እንዴት እንደሚከፈል ያጠናው በእሱ ላይ ነው፤ በ2001 ኖቤል ካገኙት አንዱ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ፈለግሁት። የለም። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅም አያውቀውም።

«የውስኪ እርሾ» ወይም «የሩም እርሾ» ተብሎ የሚሸጠውን ልግዛ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው አንድ ነገር ልበል። ኒውዚላንድ ያለ፣ ወይም እዚህ ፈቃድ ያለው ሰው ከሆነ፣ አዎ፣ ይግዛ። እንደ ሳፍስፒሪት ያሉት በእርግጥም ለዚያ የተመረጡ ናቸው፤ የሚሠራቸው የዳቦውን ሳፍ ኢንስታንት የሚሠራው የፈረንሳዩ ሌሳፍር ነው። ግን ፓኬቱ ላይ የውስኪ ጠርሙስ ሥዕል ስላለ ብቻ አይግዛ። አንዳንዱ ሥዕሉን ብቻ ነው የሚያስከፍልህ።

ማውጫዋ ሥራ አላጣችም። ጓሮዬ ጀርባ ያለው መናፈሻ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። የአዲስ አበባው ነጭ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባው ከዚህ፣ ከታዝማኒያና ከቪክቶሪያ ዘር ነው። ከነፋስ በኋላ የወደቀውን ቅጠል እየለቀምኩ፣ በእንፋሎት ዘይቱን አወጣለሁ። አንድ ማንኪያ ያህል ይገኛል። እማዬ በስልክ «ወጣ?» ስትለኝ «ወጣ» እላታለሁ። ጉንፋን ሲይዘን እንታጠንበታለን።

ያንን የጌሾ ብልቃጥ ግን አልጨረስኩትም። ታችኛውን አስቀርቼ ማር ጨመርኩበት፤ ሲፈላ ቀዳሁ፤ ደግሞ አስቀረሁ። አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በአራት ቀን የሚነሳ የነበረው በአንድ ሌሊት ይነሳል። ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ በአጥሩ ብቅ ብለው «ያ የቅጠል እርሾህ አለ?» አሉኝ። አፕል ሲደር ሊሞክሩበት ነው። በትንሽ ጠርሙስ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ምን እንደሚባል ጠየቁኝ፤ እሳቸው ሁሉንም ነገር ላይ ወረቀት የሚለጥፉ ሰው ናቸው። «ጌሾ» ብዬ ጻፍኩላቸው፣ በአማርኛ።

ከወር በኋላ ጠርሙሱን መለሱልኝ። በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ በማምከኛ ተለቅልቆ፣ ደርቆ፣ ያብለጨልጫል። ወረቀቱ እንኳ ተልጦ ሙጫው ተፍቋል። ለእማዬ በቪዲዮ አሳየኋት።

«እርሾውንስ?» አለች።

«አጥበው መለሱት።»

«ዋይ!» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።